መጀመሪያ ቀዳዳው፦ ከብራየር እንጨት በእጅ ፒፓ መሥራት

የመጀመሪያ ፒፓዬን ሦስት ምሽት ሙሉ ቀረጽኳት። ጭንቅላቷ ድብልብል ብሎ አማረ፣ አንገቷ ቀጠነ፣ በጣቴ ስዳብሳት እንጨት አትመስልም ነበር። በአራተኛው ምሽት የጭሱን መንገድ ልበሳ ብዬ ትራፓኖ ሥር አሰርኳት። ፑንታው፣ ማለትም የሚበሳው ብረት፣ ግማሽ መንገድ በደንብ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና በአንገቷ ጎን ብቅ አለ። የሦስት ምሽት ሥራ በአሥር ሰከንድ አለቀ።

ያቺ ፒፓ አሁንም የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አለች። ከእሷ በኋላ የሠራኋቸውን ሁሉ የሠራሁት በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ቅርጹ በኋላ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ሌላ ሰው ሦስት ምሽቱን እንዳያጣ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ በግልጽ ልበል። ትምባሆ ይገድላል። የፒፓ ጭስ ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። እኔ ይህን ሙያ የያዝኩት ለእንጨቱ ብዬ ነው። ከሠራኋቸው ፒፓዎች ብዙዎቹ እሳት ነክቷቸው አያውቅም፣ መደርደሪያ ላይ ናቸው። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዷ በትክክል የምትሠራ መሆን አለባት። የማትሠራ ፒፓ ሠርቶ መደርደር አይዋጥልኝም።

እንጨቱ

ብራየር የአንድ ቁጥቋጦ የሥር እብጠት ነው። ከግንዱ በታች፣ ከሥሮቹ በላይ፣ አፈር ውስጥ እንደ ትልቅ ድንች ያብጣል። ቁጥቋጦውን ፈረንሳዮች ብሩየር ይሉታል፣ ብራየር የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ነው። እኛ ደግሞ አስታ እንለዋለን።

አዎ፣ ያው አስታ። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር አካባቢ የተጓዘ ሰው በመካከሉ አልፏል። ባሌም ከሐረና ጫካ በላይ ሞልቷል፤ ቅርንጫፉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበት ነው የሚታየው። ለካ እጄ ላይ ያለው እንጨት የአገሬ ተራራ ዘመድ ነው ብዬ ያወቅኩ ቀን ልቤ እንዴት እንደሞቀ አልረሳውም።

ለፒፓ የሚሆነው እብጠት የሚቆፈረው ግን በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ነው። ካላብሪያ፣ ቶስካና፣ ሰርዲኒያ፣ ኮርሲካ፣ ግሪክ፣ አልጄሪያ። እዚያ በጋው ረጅምና ደረቅ ነው፣ ሰደድ እሳትም አይጠፋም። ተክሉ ውሃና ምግቡን እብጠቱ ውስጥ ያጠራቅማል። ላዩ ተቃጥሎ ቢያልቅ እንኳ ከእብጠቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። ፒፓ ሠሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ጠባይ ነው። እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ክሮቹ የተጠላለፉ ናቸው፣ እሳት ይችላል። ድሮ የአውሮፓ ፒፓ በብዛት ሸክላ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች የምትገኘው የሴን ክሎድ ከተማ እንጨት ጠራቢዎች ብራየርን ያዙና ከተማዋ የፒፓ ከተማ ሆነች።

ከተራራችን ቆፍሬ ልሞክር የሚል ካለ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። ሰሜንም ባሌም ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። አስታው የዳገቱን አፈር ይዞ ያለ ተክል ነው፣ እብጠቱ ሲወጣ ይሞታል። ለፒፓ የሚበቃ እብጠት ደግሞ 30 እና 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቆፍራችሁ ብታገኙትም ትኩሱ እንጨት ሥራ ላይ አይውልም። በሙያው የኖሩት እብጠቱ እንዳይሰነጠቅ እርጥበቱን ጠብቀው ያቆዩታል፣ በክብ መጋዝ ይቆርጡታል፣ ከዚያ በትልቅ የመዳብ ጋን ለብዙ ሰዓት ይቀቅሉታል። መቀቀሉ ታኒን የሚባለውን መራራ ነገርና ጭማቂውን ያወጣዋል፤ ካልወጣ ጣዕሙ ይመራል። ከዚያ ጨለምለም ባለ ክፍል ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ስለዚህ ተቀቅሎ የደረቀ ቁራጭ ግዙ።

ቁራጩ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። ኤቦሾን የሚባለው ከእብጠቱ ውስጠኛ ክፍል የሚወጣው ነው፤ ጎኖቹ የተስተካከሉ ናቸው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ፕላቶ የሚባለው ከውጭኛው ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል የቅርፊቱ ሻካራ ቆዳ አለበት። ክሮቹ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር የሚበተኑት በፕላቶው ላይ ነው፣ ውዱም እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤቦሾን ይበቃችኋል። ሊበላሽ ስለሚችል ሁለት ግዙ።

ቁራጩ ሲደርሳችሁ ሁሉንም ጎን በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። ያን ጊዜ የእንጨቱ መልክ ይወጣል። በአንዱ ጎን ቀጥ ያሉ መስመሮች ታያላችሁ፣ በሌላው ጎን ትንንሽ ክብ ነጥቦች። ነጥቦቹን የወፍ ዓይን ይሏቸዋል። ሁለቱም ያው አንድ ክር ነው። ከጎኑ ስታዩት መስመር፣ ከጫፉ ስታዩት ነጥብ ይሆናል። ቁራጩን እያገላበጣችሁ ይህን እስክትረዱት ድረስ አትቸኩሉ። መስመሮቹ ከፒፓው ጭንቅላት ሥር ወደ ላይ እንዲቆሙ፣ የወፍ ዓይኑ ደግሞ ጭንቅላቱ አናት ላይ እንዲወጣ አድርጋችሁ ቁራጩን አቁሙት።

መሣሪያ

ቋሚ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን)፣ ሞርሳ (እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ)፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ)፣ ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ)፣ ቀጭን መጋዝ፣ ሸካራና ለስላሳ የእንጨት ሞረድ፣ ጥቂት ትንንሽ ሞረዶች፣ ከ120 እስከ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት። ፑንታ ሦስት ያስፈልጋል፦ ረጅም ባለ 4 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ ላይ ሹል ጫፍ ያለው ባለ 8 እና ለምድጃው ባለ 19።

ምድጃ የምለው ትምባሆው የሚገባበትን ጉድጓድ ነው። አንገት የምለው ከጭንቅላቱ የሚወጣውን የእንጨት ክፍል፣ መምጠጫ የምለው አፍ የሚይዘውን የኤቦናይት (የጠነከረ ጎማ) ክፍል ነው። መምጠጫው አንገቱ ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ እንደ ወርክሾፕ ሰው ወንዴ፣ የሚቀበለውን ቀዳዳ ሴቴ እላለሁ።

ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ፑንታ፣ ስኳድራ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የካላብሪያ እንጨት ቆራጭም እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። አዲስ አበባ ወርክሾፕ ውስጥ ያደገ ሰው በዚህ ሙያ ግማሹን ቋንቋ ይዞ ነው የሚገባው።

ባለ 19 ሚሊ ሜትሩ ፑንታ ትንሽ ሥራ አለው። ሱቅ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ የእንጨት ፑንታ ጫፉ ቀጥ ያለ ስለሆነ የጉድጓዱን ወለል ጠፍጣፋ ያደርገዋል። እኛ የምንፈልገው እንደ እንቁላል ታች የዞረ ወለል ነው። ስለዚህ ጫፉን በመሳያ ድንጋይ ክብ አድርጋችሁ ሳሉት፣ እንደ ማንኪያ አፍ። ብረቱ ግሎ እንዳይለዝዝ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሁለቱም ጎን እኩል መሆኑን በካሊፐር አረጋግጡ፤ አንዱ ጎን ከበለጠ ጉድጓዱ ይሰፋል።

ማስክ ሳታደርጉ አትጀምሩ። የጨርቁን ሳይሆን ማጣሪያ ያለውን ማለቴ ነው። የእንጨት ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ካንሰር ያመጣል። ኤቦናይት ደግሞ በድኝ የበሰለ ጎማ ነው፣ ሲሞረድ የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ አለው፣ ብናኙም ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ቋሚ ትራፓኖ ለሌለው ሰውም መንገድ አለ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተበስተው፣ መምጠጫው ገጥሞ የሚሸጥ ቁራጭ አለ። ያንን ገዝቶ ቅርጹን ብቻ ማውጣት ምንም ነውር የለበትም። እንዲያውም ለጀማሪ እኔ የምመክረው እሱን ነው።

መለካት

የምንሠራው ቀጥ ያለውን ቀላል ቅርጽ ነው። ቢሊያርድ ይሉታል። ቁራጩ 90 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 55 ከፍታ፣ 45 ስፋት ይኑረው። ከሁሉ በፊት ሁለት ገጾችን በስኳድራ አስተካክሉ፦ የታችኛውን ገጽና አንገቱ የሚያልቅበትን ገጽ። ልኬቱ ሁሉ የሚነሳው ከእነዚህ ሁለት ነው። እነሱ ከተዛቡ ሌላው ሁሉ ይዛባል።

በጎኑ ላይ በእርሳስ ሣሉ። የጭንቅላቱ ከፍታ 48፣ የውጭ ስፋቱ 36፣ ምድጃው 19 ስፋትና 40 ጥልቀት፣ የአንገቱ ርዝመት 45፣ ውፍረቱ 16። ከታች 3 ሚሊ ሜትር፣ ከላይ 4 ትርፍ ተዉ። እንግዲህ የምድጃው ወለል ከቁራጩ ታች 11 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል ማለት ነው። የጭሱ ቀዳዳ ስፋቱ 4 ስለሆነ የቀዳዳውን መሃል መስመር 13 ላይ አስምሩት። ያኔ የቀዳዳው ታችኛ ጠርዝ በትክክል 11 ላይ፣ ከምድጃው ወለል እኩል ይወድቃል።

ይህቺን ሒሳብ ደጋግማችሁ አረጋግጡ፣ ምክንያቱም የፒፓው ጠባይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ከወለሉ ከፍ ብሎ ከገባ፣ ከሥሩ ያለው ትምባሆ ረጥቦ ሳይቃጠል ይቀራል። ዝቅ ብሎ ከገባ ወለሉን ሰንጥቆ ያሳሳዋል። ወደ ጎን ከሸሸ ትምባሆው በአንድ በኩል ብቻ ይነዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ነው።

መብሳት

የጎኑን መስመር ወደ አንገቱ ጫፍ ገጽ አዙራችሁ መሃሉን በሹል ነገር ውጉት። ቁራጩን ጫፉ ወደ ላይ አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ አጥብቁ። በስኳድራ ከሁለት አቅጣጫ እዩት። በዓይን ቀጥ ያለ የሚመስል ነገር ቀጥ አይደለም።

በመጀመሪያ በባለ 8 ፑንታ ሴቴውን 18 ሚሊ ሜትር ብሱ። ሹል ጫፍ ያለው ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ወለሉን ጠፍጣፋ አድርጎ መሃሉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል። ሞርሳውን ሳትነኩ፣ ቁራጩን ሳታንቀሳቅሱ፣ ፑንታውን ብቻ ለውጣችሁ ባለ 4ቱን አስገቡ። ጫፉ ያንን ጎድጓዳ አግኝቶ ራሱን ይመራል። የእኔ የመጀመሪያ ፒፓ የተበላሸችው ይህ መሪ ስላልነበራት ነው።

አሁን ቀስ በሉ። አምስት ሚሊ ሜትር ብሱ፣ አውጡ፣ ብናኙን አራግፉ፣ እንደገና አስገቡ። ብናኝ የተጠቀጠቀበት ቀጭን ፑንታ ይጎብጣል፣ የጎበጠ ፑንታ ደግሞ የሄደበትን አታውቁም። ከአንገቱ ጫፍ 63 ሚሊ ሜትር ስትደርሱ አቁሙ። ያ የምድጃው መሃል ነው።

ቁራጩን አቁሙትና ከላይ ምድጃውን ብሱ። መሃሉ ከአንገቱ ጫፍ 63 ሚሊ ሜትር፣ ከሁለቱም ጎን እኩል ነው። ትራፓኖውን በጣም በዝግታ እንዲዞር አድርጉት። ሞርሳውን ከመቼውም ይበልጥ አጥብቁት፤ ይህ ፑንታ ሲይዝ ቁራጩን ከእጅ ነጥቆ ያሽከረክረዋል። ከቁራጩ ላይ እስከ ወለሉ 44 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 41 ስትጠጉ በየግማሽ ሚሊ ሜትሩ ፑንታውን እያነሳችሁ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ ትታያለች። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ቀዳዳዋ ወደ ወለሉ እየቀረበች ትመጣለች። ከወለሉ ጋር ስትገናኝ ያኔውኑ አቁሙ። ይህቺን ደቂቃ እወዳታለሁ። በአንገቱ በኩል እፍ በሉ፣ ቀዩ ብናኝ በምድጃው አፍ ብን ብሎ ይወጣል።

መምጠጫው

የኤቦናይት መምጠጫ በሻጋታ የወጣ ዝግጁ ይሸጣል፤ ዘንግ ገዝቶ ከባዶ መቅረጽም ይቻላል። አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክም አለ። አክሪሊክ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙም አይለወጥም፣ ግን ለጥርስ ጠንካራ ነው። ኤቦናይት ለስለስ ይላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይጠወልጋል። እኔ ኤቦናይት ነኝ።

የዝግጁው ወንዴ ሆን ተብሎ ወፍራም ሆኖ ነው የሚመጣው። ቶርኖ (ዕቃውን እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ያለው በቶርኖ ያቀጥነዋል። ቶርኖ ለሌለው ትራፓኖ ላይ የሚታሰር የወንዴ መቁረጫ አለ፤ መሃሉ ላይ የመምጠጫው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ መሪ ዘንግ ስላለው ወንዴው ከቀዳዳው ጋር እኩል ይቆረጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ አትቁረጡ። ወደ 8 ሚሊ ሜትር ስትጠጉ በየጊዜው ሞክሩ። እየዞረ፣ ትንሽ እየታገለ መግባት አለበት። ተገፍቶ በጉልበት ከገባ አንድ ቀን አንገቱን ይሰነጥቀዋል። ለመጨረሻው ግጥሚያ ወንዴውን የጽሕፈት እርሳስ ቀቡትና አስገቡት፣ ይንሸራተታል።

ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሁን። ሴቴው 18 ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትሯ ለሙቀት ነው። ከዚያ በላይ ክፍተት ከተዋችሁ እዚያ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፣ ፒፓው በተሳበ ቁጥር እንደሚፈላ ማሰሮ ቶክ ቶክ ይላል። ሰዎች በትምባሆው ያሳብባሉ፣ ጥፋቱ ግን የክፍተቱ ነው።

አሁን ወደ አፉ ጫፍ። አንገቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ክብ ነው፣ 4 ሚሊ ሜትር፤ የቀዳዳው አፍ ወደ 12 ተኩል ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመምጠጫው ጫፍ ግን ቀጭን መሆን አለበት፣ ጥርስ የሚይዘው ስለሆነ። ታዲያ አየሩ የት ይሂድ? መልሱ ወደ ጎን ነው። ጫፉን 9 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1 ነጥብ 5 ከፍታ ብታደርጉት፣ ማዕዘኖቹ ሲዞሩ 13 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ታገኛላችሁ። አየሩ ሳይጨናነቅ ይወጣል። ብዙ የፋብሪካ ፒፓ እዚህ ጠቦ ነው የሚቀረው፤ ሲስቡት ያፏጫል፣ ጉንጭ ያደክማል።

ሥራው የሚሠራው በቀጭን መርፌ ሞረድ ነው። ከጫፉ ወደ ውስጥ እንደ ማራገቢያ እየጠበበ እንዲሄድ አድርጋችሁ ሞርዱ። ውስጡን በተጠቀለለ 320 ወረቀት አለስልሱት። ከዚያ ላዩን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አሳሱት፣ ጫፉ ላይ ለጥርስ ትንሽ ጉብታ ተዉ። በየጊዜው በካሊፐር ለኩ፣ ወደ መብራትም አንሡት። ኤቦናይት ሲሳሳ ብርሃን በቡናማ መልክ ማሳየት ይጀምራል። ያንን ካያችሁ አቁሙ፣ አልፋችኋል።

በመጨረሻ ጥጥ የለበሰውን የፒፓ ማጽጃ ሽቦ ውሰዱ። መምጠጫው እንደተገጠመ ከአፉ ጫፍ አስገቡት። ምንም ሳይያዝ እስከ ምድጃው ወለል መድረስ አለበት። የሆነ ቦታ ከተያዘ ወደ ፊት አትሂዱ፣ የያዘውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የወንዴው አፍ ጠርዝ ነው፤ በሞረድ ጫፍ ትንሽ ሲከፈት ይለቃል።

ቅርጽ

መምጠጫውን ሳታወጡ ሥሩ። አንገቱና መምጠጫው አብረው ካልተሞረዱ መጋጠሚያው ላይ ጥፍር የሚያግድ ደረጃ ይቀራል።

ትርፉን በመጋዝ አስወግዱ። ከላይ በምድጃው ዙሪያ 36 ሚሊ ሜትር ክብ ሣሉ። በሸካራ ሞረድ መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን ቁረጡና ስምንት ጎን አድርጉት። ከዚያ አሥራ ስድስት። ክብ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ክብ ላድርገው ያለ ሰው ድንች ነው የሚያወጣው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጭንቅላቱና አንገቱ የሚገናኙበት ጥግ ነው። በክብ ሞረድ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ መስመሩ በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። እዚያ የተበላሸ ፒፓ የፈለገውን ቢወለወል ተበላሽቶ ይቀራል። እየሠራችሁ ፒፓውን መስኮት ፊት አንሡትና ጥላውን ብቻ እዩ። ገልብጣችሁም እዩ። ዓይን የለመደውን ስህተት ይደብቃል፣ ሲገለበጥ ግን ያጋልጠዋል። የምድጃው ግድግዳ የትም ቦታ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች አይውረድ።

ከታላላቆቹ በዚህ ቅደም ተከተል ያልሠሩም አሉ። ሲክስተን ኢቫርሰን በ1910 እ.ኤ.አ. የተወለደ ስዊድናዊ ነው፣ ኮፐንሃገን ተቀምጦ ይሠራ ነበር። እሱ መጀመሪያ ቀርጾ በኋላ ነበር የሚበሳው። ክሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ እያየ ቅርጹን ከእነሱ ጋር ያስማማል፣ ቀዳዳውን በመጨረሻ ያገባል። የዴንማርክን ፒፓ በዓለም ያስታወቀው ይህ አሠራር ነው። እኔ አሁንም አልደረስኩበትም። ግን ልብ በሉ፣ እሱም ቢሆን እየቀረጸ ቀዳዳው የት እንደሚያልፍ በልቡ ያውቅ ነበር።

ስትሞርዱ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቅ ትላለች። በመርፌ ስትነኳት አሸዋ ይወጣል፣ አንዳንዴም ትጠልቃለች። ይህ የብራየር ዕጣ ነው፤ እብጠቱ ሲያድግ ጠጠርና አፈር ይውጣል። ትንሽ ከሆነች ተዉአት። ሰፋ ካለች ቅርጹን ዝቅ አድርጋችሁ ልታወጧት ትችላላችሁ። ካልሆነም ላዩን በመላ በትንሽ መሮ አሻክሩት፣ በእጅ ያምራል። አሸዋ በአየር ኃይል እየረጩ ማሻከርም አለ፤ የለንደኑ አልፍሬድ ደንሂል በ1917 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት አሠራር ነው። ለስላሳው እንጨት ይበላል፣ ጠንካራው ክር ቆሞ ይቀራል። በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ግን አልወድም። ስቱኮው ቀለም እንደ እንጨቱ አይጠጣም፣ ፒፓው ሲሞቅም ሊነሳ ይችላል።

ማለስለስ፣ ቀለም፣ ሰም

120፣ 180፣ 220፣ 320፣ 400፣ 600። አንዱንም አትዝለሉ። ከ220 በኋላ በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና ይድረቅ። የተኛው ጭረት ይነሳል፣ የተደበቀው ሁሉ ይታያል። እንደገና በ220 ጀምሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሆኖም ቀለም ጭረትን አይሸፍንም፣ ያጎላዋል።

ለቀለም በአልኮል የሚሟሟውን የእንጨት ቀለም ተጠቀሙ። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ቀቡት። ሲደርቅ በ400 ወረቀት መልሳችሁ አጥፉት። ጥቁሩ ከሌላው ክፍል ይለቃል፣ ጠጥቶ የያዘው ክር ውስጥ ግን ይቀራል። ከላይ ቀላ ያለ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ስትደርቡበት መስመሮቹ እንደ ነበልባል ይነሳሉ። አንዳንዶች ቀለሙ እንዲገባ አልኮሉን በክብሪት ያቃጥሉታል። እናንተ አታድርጉት፤ ቤት ውስጥ ብናኝ ባለበት ቦታ አደጋ ነው። ምድጃው ውስጥና ወንዴው ላይ ቀለም አይግባ። ቫርኒሽም አትቀቡ፣ እንጨቱ ሲሞቅ ቫርኒሹ ይንፋፋና ይላጣል።

መጨረሻው ሰም ነው። ካርናውባ የሚባለው፣ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣው። የአገራችን የንብ ሰም እያለ ለምን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፣ እኔም ጠይቄ ነበር። ሞከርኩትም። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፒፓ ሲሞቅ ይለሰልስና እጅ ላይ ይጣበቃል። ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ይችላል። በሚዞር የጥጥ ጎማ ላይ ትንሽ ብቻ አስነኩት፣ ፒፓውን ቀለል አድርጋችሁ አስጠጉ፣ ቶሎ ቶሎ አዙሩት። የጎማው ታችኛ ክፍል ላይ ብቻ ሥሩ፣ ጠርዙን ወደ ላይኛው ካስጠጋችሁት ነጥቆ ይወረውረዋል። ኤቦናይቱን አታግሉት፣ ይቃጠላል።

የቀረው የምድጃው ውስጥ ነው። ጥሩ ብራየር ባዶውን ይችላል፣ ግን አዲስ እንጨት በመጀመሪያዎቹ እሳቶች እንዳይጎዳ ብዙ ሠሪዎች ስስ ልባስ ያደርጉለታል። አሬራና አክቲቬትድ የሚባለው የከሰል ዱቄት ነው። እንደ ቀለም እስኪሆን በጥብጡት። በቀዳዳው እንዳይፈስ የማጽጃ ሽቦ ከአንገቱ በኩል እስከ ምድጃው ድረስ አስገቡ። በትንሽ ብሩሽ ወለሉንና ግድግዳውን ቀቡ፣ አፉ ላይ አታድርሱት። ሦስት ቀን ይድረቅ፣ የአሬራው ሽታ ይጠፋል።

ሲደርቅ ሽቦውን እያዞራችሁ አውጡት። መምጠጫውን ግጠሙ። አዲስ ሽቦ ከአፉ ጫፍ አስገቡና እስከ ምድጃው ወለል መድረሱን እዩ። ልባሱ ቀዳዳውን ከደፈነው በባለ 4ቱ ፑንታ፣ በእጅ ብቻ እያዞራችሁ፣ ክፈቱት።